የተደፈነው ጭስ ማውጫ

የበሰበሰ የጓሳ ሣር ሽታ እጠላለሁ። ሌላ ሰው እርጥብ ገለባ ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል፣ እኔ ግን ማለፍ አልችልም። ባለፈው ሚያዝያ፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ፊዚክስ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ፣ ዳኛ ሁኚ ተብዬ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስዞር፣ ያ ሽታ ከአዳራሹ ጥግ መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከካርቶንና ከጭቃ ትንሽ የሣር ቤት ሠርታ፣ ከምድጃው ላይ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ አቁማ፣ ዝናብ የመታውን ሣር ሳታደርቅ ከድናበት ኖሯል። ከራሷ በላይ «የማኅበረሰባችንን ችግር በሳይንስ እንፍታ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል።

«ጭሱ በዚህ ከወጣ ጣራውን ምን ያደርቀዋል?» አልኳት።

ልጅቷ አጠገቧ የቆመውን መምህሯን አየች፣ እሱ ደግሞ እኔን ገላመጠኝ። ዓይኗ እንባ ሲያቀር እያየሁ አላባበልኳትም፣ ወረቀቴ ላይ ምንም ነጥብ ሳልጽፍ አልፌያት ሄድኩ። ባልደረቦቼ «የልጅ ሞራል ትሰብሪያለሽ እንዴ? ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ምን እንደሆንኩ ያን ቀን ለማንም አልነገርኩም።

ያደግሁት መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ፣ ጓሳ ሜዳ አፋፍ ላይ በተቀመጠች መንደር። ቤታችን ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነበር፣ መስኮት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ብርዱ መስኮት አያስከፍትም። እንጨት ብርቅ ስለሆነ የሚነደው ኩበት ነበር፣ የኩበቱም ጭስ መውጫ ሲያጣ ከጣራው ሥር ተንጠልጥሎ ይውልና ቀስ እያለ በሣሩ መሐል ይሾልካል። ጣራችን ከውስጥ ሲያዩት ጥቀርሻ ጠጥቶ እንደ አሮጌ ቆዳ ያብረቀርቅ ነበር። ታላላቆቼ አግብተው ስለወጡ ከዚያ ጣራ ሥር የምንኖረው ሦስታችን ብቻ ነበርን፣ አባቴ አያሌው፣ እናቴ አስካለና እኔ።

እናቴ የበግ ጠጉር እየፈተለች ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ ሠሪዎች ትሰጥ ነበር። እንዝርቷን ይዛ ከምድጃው አጠገብ ከተቀመጠች እንባዋ እየወረደ ክሩን አያሳያትም፣ ደጃፍ ላይ ከወጣች ደግሞ ብርዱ ጣቷን ያደነዝዘዋል፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስትገባና ስትወጣ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ትውላለች። የዓይኗ ቆብ ሁልጊዜ ቀይ ነበር። እኔ ስትስቅም ስታዝንም እንባዋ አንድ ዓይነት ስለሆነ መቼ እንዳለቀሰች ለይቼ አላውቅም ነበር።

አባቴ የጓሳ ጠባቂ ነበር። ጓሳ የጋራ ነው፤ ሽማግሌዎች ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሣሩ ሲደርስ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፣ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቤት ለክዳን የሚበቃውን ያጭዳል። በተዘጋበት ዘመን ማጭድ ይዞ የተገኘ ሰው ወዮለት። አባቴ ዱላውን ይዞ ሜዳውን ሲዞር ዘመድ ጎረቤት አይልም ነበር፣ የገዛ አጎቱን ልጅ እንኳ ሸክሙን አስወርዶ ሽማግሌ ፊት አቁሞታል። ሰው ይፈራው ነበር፣ ይጠላውም ነበር፣ እሱ ግን በሁለቱም ይኮራ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ ገብስ ታጭዶ አውድማው በተሞላበት ወቅት፣ መምህር ጌታነህ የሚባል አዲስ የሳይንስ አስተማሪ መጣ። ከከተማ የመጣ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የሚጠመጥም፣ ሲናገር ጠመኔውን ወደ ላይ እየወረወረ የሚቀልብ ሰው ነበር። «ከየቤታችሁ አንድ አንድ ችግር አምጡልኝ፣ በተማራችሁት እንፈታዋለን፤ ደብተር ውስጥ የቀረ ትምህርት እኔ ትምህርት አልለውም» አለን። የሞቀ አየር ወደ ላይ እንደሚወጣ በዚያው ሰሞን ተምረን ነበርና እጄን አውጥቼ «እናቴ ጭስ ውስጥ ነው የምትውለው» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ፣ እሱ ግን አልሳቀም፣ ስሜን ጠይቆ ብዙነሽ ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ያን ጊዜ ወደድኩት፣ በኋላ አምርሬ የጠላሁትም ለዚህ ይመስለኛል።

በቀጣዩ ሳምንት ቤታችን ድረስ መጣ። እናቴ «ይግቡ እንጂ መምህር፣ እሳት ይሙቁ» ብትለው ሻርፑን አፍንጫው ላይ አድርጎ ከደፍ ሳያልፍ ቆመ፣ እዚያው ሆኖ በእጁ ምድጃውን አሳየኝ፣ ግድግዳውን አሳየኝ፣ ጭሱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ነገረኝ። ጣራውን ቀና ብሎ አላየውም። አባቴ መምህር ደጁ ድረስ መምጣቱ ክብር ሆኖበት በሁሉም ነገር ራሱን ይነቀንቅ ነበር። የጠየቀችው እናቴ ብቻ ናት።

«ጣራውስ?» አለች።

«ጣራውማ እናቴ፣ ንጹሕ ይሆናል! ይሄ ሁሉ ጥቀርሻ ይቀርልዎታል» አላት እየሳቀ።

እናቴ ሌላ የምትለው ነበራት፣ አፏን ስትከፍት አይቻለሁ፣ አባቴ ግን «መምህሩ ተናገረ እኮ፣ አንቺ ደግሞ» ብሎ ዝም አሰኛት። እኔም እንደ አባቴ በእናቴ አፈርኩ። የእኛ አገር ሰው፣ ሰው የለቀቀው ቤት ጣራው ቶሎ እንደሚወድቅ አሳምሮ ያውቃል፣ ግን ቤቱ የሰው ትንፋሽ አጥቶ ነው ይላል። ሰውና ጭስ ተለያይተው ስለማያውቁ፣ ሣሩን ያቆየው ትንፋሹ ይሁን ጭሱ ለይቶ ያሰበ ሰው አልነበረም። አባቴ በሣር ጉዳይ አገር የሚያማክረው ሰው ሆኖ ይህን አላሰበም፣ መምህሩም አልጠየቀም፣ እኔም ፈተና ላይ አንደኛ የምወጣዋ አላሰብኩም።

ጥር ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ውርጩ መሬቱን ሲያነጣው፣ ሥራዬን ጀመርኩ። ከሱቅ የተጣሉ የዘይት ጣሳዎች ለቅሜ፣ ከላይና ከታች ከፍቼ፣ በሽቦ አያይዤ፣ እሳት እንዳይበላቸው ጭቃና ጭድ ለውሼ ለበጥኳቸው፤ ከምድጃው በላይ ደግሞ ጭሱን የሚሰበስብ ቆብ ሠርቼ፣ ከግድግዳው አንድ ድንጋይ አውጥቼ ጣሳውን በዚያ አሳልፌ ወደ ላይ አቆምኩት። ሦስት ጊዜ ፈረሰብኝ፣ እጄ ተሰነጣጥቆ ደማ። በአራተኛው እሳቱ ሲለኮስ ጭሱ ተንደርድሮ ገባና በውጭ በኩል ብቅ አለ፣ እናቴም እንዝርቷን ይዛ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች፣ ሳትነሣም ዋለች። ማታ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እሳቱ ብርሃን አዞረችኝና «ቅንድብሽ ላይ ጠባሳ አለ እንዴ? መቼ ነው የወደቅሽው?» አለችኝ። የወደቅሁት የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር መምህር ጌታነህ ሥራውን በካርቶን አሠርቶኝ ለወረዳው ውድድር መሐል ሜዳ ወሰደኝ። አንደኛ ወጣን ተባለ፣ ተጨበጨበ፣ ምስክር ወረቀት ተሰጠን፤ ወረቀቱ ላይ የእሱ ስም በትልቁ፣ የእኔ ከሥሩ ተጽፎ ነበር፣ የእናቴ የትም የለም። አባቴ ምስክር ወረቀቱን በላስቲክ ሳይሸፍን ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥርም «የኔ ልጅ ሥራ ነው» እያለ ያሳይ ነበር። ያ በልግ ቤታችን ውስጥ ማንም ማንንም ያልተጣላበት ብቸኛው ወቅት ይመስለኛል።

ክረምት ገባ። ሐምሌን ሙሉ ጉም ከጓሳ እየተንከባለለ መንደሩን ሲውጠው ሣሩ ሌት ተቀን እርጥበት ይጠጣል፣ ከሥር የሚያደርቀው ጭስ ግን አልነበረም። መጀመሪያ ያ ሽታ መጣ፤ የሞተ አይጥ ነው ብለን ፈለግን። ከዚያ የጣራው ጥቁረት እየደበዘዘ ነጭ ሻጋታ አወጣ፣ ነሐሴ ሲጋመስ ደግሞ ቡናማ ጠብታ ከመደቡ በላይ መንጠባጠብ ጀመረ። የመጀመሪያው ጠብታ ያረፈው ምስክር ወረቀቱ ላይ ነበር፣ የመምህሩ ስም ከእኔ ስም ጋር ተቀላቅሎ ወደ ታች ሲወርድ ቆሜ አየሁት። አባቴ መሰላል ተደግፎ ወጥቶ ሣሩን ቢስበው እንደ እርጥብ እበት እጁ ውስጥ ተፈረካከሰ።

«ይህ ክዳን ሁለት ክረምት ይቀረው ነበር» አለ። «ጓሳ እስኪከፈት ሁለት ክረምት! ቤቱን ምን ላልብሰው አሁን? ምስክር ወረቀትሽን?»

ጓሳ ዝግ ነበር። ቆርቆሮ ለመግዛት በጎቹ ሁሉ መሸጥ ነበረባቸው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ልብሳችንም ጉርሳችንም በጎቹ ነበሩ። ውኃው ጎተራው ውስጥ ገብቶ ገብሱን ሲያበቅለው አባቴ በዚያው ሳምንት ንጋት ላይ፣ ጉሙን ተማምኖ፣ ማጭድ ይዞ ራሱ የሚጠብቀው ሜዳ ውስጥ ገባ። የያዘው ያ የአጎቱ ልጅ ነበር። ሸክሙን አስወርዶ፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይናገር፣ ከፊት ከፊት እየነዳ አመጣው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። እኔና እናቴ ከሴቶቹ መሐል ነበርን። ዱላውን ተቀበሉት፣ ጓሳ ሲከፈትም ድርሻ እንዳይኖረው ፈረዱበት። እሱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መሬት መሬት ያይ ነበር፣ ከኋላ አንድ ሰው «ልጁ የተማረች ናት እኮ!» ሲል ሳቅ ተሰማ። እነዚያን ሰዎች እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም፣ አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ ያም ሆኖ አላልኩም።

ቤት እንደገባን አባቴ ካፖርቱን ሳያወልቅ ድንጋይና ጭቃ አንሥቶ ጭስ ማውጫውን ከውስጥ ደፈነው፣ ቆቡንም በእርግጫ አፈረሰው። «ማንም ይህን ድንጋይ ይንካና በሚካኤል እምላለሁ ከዚህ ቤት ይወጣል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመት ሙሉ አላናገረኝም። ሁለታችን አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን «ለልጅሽ ንገሪያት፣ ውኃ የለም» ይላት ነበር እናቴን፣ እኔም አጸፋውን ለመመለስ «ለባልሽ ንገሪው፣ ሄጃለሁ» እል ነበር። ጭሱም ወደ ቦታው ተመለሰ፣ የእናቴም እንባ።

መስከረም ትምህርት ሲከፈት የሆነውን ሁሉ ለመምህር ጌታነህ ልነግረው ሮጬ ሄድኩ። ዝውውር አግኝቶ ኖሯል። ዕቃውን ሚኒባስ ላይ እያስጫነ አገኘሁት፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስነግረው ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። «አየሽ ብዙነሽ፣ ሳይንስ ላይ ስሕተት ያጋጥማል፣ ከስሕተት ትማሪያለሽ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ገባና በሩን ዘጋ። የተሳሳትነው ሁለታችን ነበርን፣ ጣራው ያፈሰሰው ግን እኔ ላይ ነው። በድንጋይ ልመታው ፈልጌ ድንጋይ አነሣሁ፣ ሚኒባሱ ግን ሄዶ ነበር።

አባቴ ከዘመድ በለመነው የገብስ አገዳ ጣራውን ጠጋግኖ፣ ጥቅምት ሲጠባ ቤቱ መልሶ ደረቀ። አንድ ቅዳሜ እሱ ገበያ ወርዶ እኔ ደጅ ሳጠና፣ እናቴ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ዓይኗ ከበፊቱም ብሶ አብጦ ነበር።

«ብዙዬ፣ አስቤበታለሁ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ድንጋዩን አውጪልኝና የሚከፈት የሚዘጋ መዝጊያ አብጂለት። ሳበስልና ስፈትል እከፍተዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ስንወጣ ደግሞ እርጥብ ኩበት ለኩሼ፣ ቀዳዳውን ዘግቼ፣ በሩን ገጥሜ እሄዳለሁ፤ ጭሱ ብቻውን ከጣራው ጋር ይዋል። እኛ ደጅ፣ እሱ ውስጥ። አባትሽን ለእኔ ተይልኝ፣ ጣራው እንደደረቀ ካየ ዝም ይላል።»

መልሱ ይኸው ነበር። መምህሩ ያላገኘው፣ እኔ ያላገኘሁት፣ ምስክር ወረቀት የማይሰጠው መልስ፣ ፊደል ካልቆጠረች ሴት አፍ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ጣሳው ከግድግዳው ጋር የት ላይ እንደሚጋጠም የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ወደ እኔ መጣች። እኔ ግን በዚያ ሰዓት የሰማሁት የእሷን ቃል አልነበረም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሳቁትን ሰዎች ነበር።

«አልነካም!» ብዬ ጮኽኩ። «ከቤት ልታስወጪኝ ነው? ጭስ ማውጫ ከፈለግሽ ያን መምህርሽን ጥሪው!»

መምህሩ የእሷ አልነበረም፣ የእኔ ነበር። እናቴ «እሺ» አለች፣ ቀሚሷን አራግፋ ተነሥታ ገባች። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። እኔም እሷ እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁ፣ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ መሐል ሜዳ ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ ስማርም፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባም ጠበቅሁ። በየበዓሉ ስመጣ ዓይኗ አንድ ደረጃ ወርዶ አገኘዋለሁ፤ መጀመሪያ ግራው ነጭ ለበሰ፣ ከዚያ ቀኙ። ሐኪም ቤት የወሰድኳት የመጀመሪያ ደመወዜን በተቀበልኩ ወር ነበር። ሐኪሙ «ቆይቷል» አለኝ፣ ጭስ ብቻውን እንዳላደረገውም ሊያስረዳኝ ደከመ። ሰማሁት፣ ግን ቀዳዳውን እንደ ተደፈነ መተዌን ሐኪሙ አያውቅም።

ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ሰኞ ዕለት ያስለቀስኳትን ልጅ ፈልጌ የቅዳሜውን የጭስ ብልሃት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ከእንግዲህ ችግር አምጡ የምላቸው ተማሪዎቼን በቅድሚያ እዚያ ቤት ገብተው እንዲቀመጡ፣ ጭሱን እንዲጠጡ፣ ቤቱ ውስጥ የምትውለውን ሴት ጠይቀው መልሷን እስከ መጨረሻው እንዲሰሙ አስገድዳቸዋለሁ፤ ክፉ ናት ይሉኛል፣ ይበሉኝ። ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ «የእርስዎ ሐሳብ ነው ብዬ ልጻፍ መምህርት?» አለችኝ። «አይደለም» አልኳት፣ «አስካለ ብለሽ ጻፊ፣ በትልቁ።»

ዛሬ ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል። አባቴ ከዓመታት በኋላ በጎቹን ሸጦ ቆርቆሮውን ባስመታ ቀን ማንም ሳይለው ዲጅኖ ይዞ ገባ፣ ያን ድንጋይ ፈንቅሎ አወጣና ደጅ ጣለው፣ በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም። ጭስ የሚፈልግ ሣር የለም፣ ምድጃው እንደገና ቆብ ደፍቷል፣ ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል። በሣሩ ዘመን እናቴ የሚያይ ዓይን ነበራት፣ ከፊቷ ግን ጭስ ነበር፤ አሁን ቤቱ ጥርት ብሏል። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጠጉሩን በጣቷ እየዳሰሰች ትፈትላለች፣ እግሬን ስትሰማ እንዝርቷን ታቆምና አንገቷን ቀና አድርጋ «ብዙዬ፣ ጣራው ጠራ?» ትለኛለች፣ በመጣሁ ቁጥር። መምህሩ ያኔ በሩ ላይ ቆሞ ያላት ቃል ከአፌ ይወጣል።

«ንጹሕ ነው እማዬ» እላታለሁ።